ከግራ የሚመጣ ትንፋሽ

ሁለተኛዋ የጂኦግራፊ ክፍሉን በር ገፋ አድርጋ ስትገባ ግድግዳው ላይ ካርታ ተነቅሎ የቀረውን ነጣ ያለ አራት ማዕዘን አየች፤ ቀጥላ ወንበር ቆጠረች። ሁለት ነው። ለአስተማሪ አንድ፣ ለተማሪ አንድ። የሆርኗን ሳጥን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ ወደ ኮሪደሩ ተመለሰች፤ ከመጸዳጃ ቤቱ ደጃፍ አንድ እግሩ የሚወላገድ ወንበር አንስታ መጣች፤ ከራሷ ወንበር በስተግራ፣ አንድ ክንድ ያህል ርቀት ላይ አቆመችው። ማንም አይቀመጥበትም። እሷም አትቀመጥበትም። ግን ወንበሩ ከሌለ ግራ ጎኗን ይበርዳታል።

ሁለተኛዋ የሚሏት ስም ሳይኖራት ቀርቶ አይደለም። በኦርኬስትራው ውስጥ ሁለተኛ ሆርን ሆና ሃያ ስምንት ዓመት ስለተቀመጠች ስሟን ወንበሩ በላው።

በየዓመቱ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የክረምቱ የሙዚቃ አካዳሚ ይህን አዳሪ ትምህርት ቤት ለሁለት ሳምንት ይከራየዋል። የኦርኬስትራው ተጫዋቾች መምህር ይሆናሉ፤ ከየቦታው የመጡ ወጣቶች ተማሪ ይሆናሉ። ለቫዮሊኖቹ መስኮቱ ወደ አትክልቱ የሚያይ ክፍል ይሰጣቸዋል። ፒያኖው የእንግዳ መቀበያውን ይይዛል። ነሐስ የሚነፉት ግን፣ ጩኸታችሁ ይረብሻል ተብለው፣ ከልብስ ማጠቢያው በላይ ባለው አሮጌ ሕንፃ ይታጎራሉ። ኮንሰርት ላይ አዳራሹን የሚያንቀጠቅጥላቸው ሰው ሲፈልጉ ጩኸት አይባልም፤ ክብር ይባላል። ከኮንሰርት ውጪ ግን ጩኸት ነው።

ሆርን ማለት ያ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለው፣ አፉ እንደ አበባ የተከፈተው የነሐስ መሣሪያ ነው። ነፊው ቀኝ እጁን በዚያ ሰፊ አፍ ውስጥ ከትቶ ነው የሚነፋው፤ ስለዚህ ድምፁ በቀጥታ ወደ አድማጩ አይሄድም፤ ወደ ቀኝና ወደ ኋላ ይሄዳል። በአንደኛው ሆርን ቀኝ ማን አለ? ሁለተኛው። እናም አንደኛው ለሃያ ስምንት ዓመት የነፋውን ሁሉ ከሰው ሁሉ ቀድማ የሰማችው እሷ ናት።

የሁለተኛ ሥራው ምንድን ነው ቢባል፣ አንደኛው ሽቅብ ሲወጣ ቁልቁል ወርዶ መሠረት መሆን፤ አንደኛው ከቃናው ጥቂት ከሳተ ሳያሳፍሩት አብሮ መሳት፤ አንደኛው ሲተነፍስ መተንፈስ። አንደኛው ትንፋሹን በአፍንጫው ነበር የሚስበው፤ ሲስብ ከጨርቅ ላይ ረጅም ክር እንደሚመዘዝ ያለ ድምፅ ነበረው። ኮንዳክተሮች መጡ፣ ኮንዳክተሮች ሄዱ፤ አንዱ ኦርኬስትራውን የሚመራበትን ዱላ እንደ መጥረጊያ ያወዛውዛል፣ ሌላው እንደ መርፌ ይወጋበታል። ሁለተኛዋ ግድ አልነበራትም። እሷ የምትገባው በዱላ አልነበረም፤ ከግራ በሚመዘዘው በዚያ ክር ነበር።

አያወሩም ነበር። "ደህና አደርሽ"፣ "የሆርንሽን ውሃ አፍስሺ"፣ "ዛሬ አዳራሹ ይበርዳል"፤ በቃ። ቤቱን አታውቀውም። ሚስቱን ያየቻት በቀብሩ ዕለት ነው።

የሞተው ከአምስት ወር በፊት፣ ጫማውን ሲያስር ነው አሉ። ሰው ተሰልፎ የሚስቱን እጅ ጨበጠ፣ ልጆቹን አቀፈ። ሁለተኛዋ ከኋላ፣ ዛፍ ሥር ቆመች። "እግዜር ያጽናሽ" ያላት አንድ ሰው የለም። ምን ብሎ ይበላት? ሚስት አይደለችም፣ እህት አይደለችም፣ ወዳጅ እንኳ አይደለችም። ከአንድ ሰው ጋር ሃያ ስምንት ዓመት አብሮ መተንፈስ በየትኛው መዝገብ ይጻፋል? ኦርኬስትራው የሟቹን ትልቅ ፎቶ በአዳራሹ መግቢያ ሰቀለ። ፎቶው ዳር ላይ አንድ ክርን ይታያል። ክርኗ ነው። የቀረውን ቆርጠው ጥለውታል። ቆራጩ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የሚያበግነውም ይኸው ነው፤ ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር። ሁለተኛ ሰው ፎቶ የሚያጣብብ ዕቃ መሆኑን፣ ሳያስብበት፣ በደሙ የሚያውቅ ሰው ነው።

የኦርኬስትራው ሥራ አስኪያጅ የአካዳሚውም ኃላፊ ነው። በመጀመሪያው ቀን ምሳ ላይ፣ ትሪዋን ይዛ የምትቀመጥበት ስትፈልግ፣ በጣቱ ጠራት። እሱ አንቺ ይላታል፣ እሷ እርስዎ ትለዋለች፤ በዕድሜ ግን በሰባት ዓመት ትበልጠዋለች።

"መዝጊያው ላይ አንደኛውን አንቺ ትነፊዋለሽ" አላት። "ስምንት ነሐስ፣ ያለ ኮንዳክተር። የሚከፍተው ብቻውን ሆርን ነው፤ ታውቂው የለ?"

"አውቀዋለሁ። አሥራ አንድ ጊዜ አጠገቡ ተቀምጫለሁ።"

"አጠገቡ መቀመጥና መንፋት ለየቅል ነው።"

"ለየቅል ነው" አለች።

"እንግዲህ በግልጽ ልንገርሽ። ከሆነልሽ ወንበሩ ያንቺ ነው። ካልሆነልሽ አንድ ጎበዝ ወጣት አለ፤ የራሱን ሁለተኛ ይዞ ነው የሚመጣው፣ አብረው የለመዱ ናቸው። አንቺን ኖታ ቤት እናስገባሻለን። ሙቀት አለው፣ ወንበሩም ምቹ ነው።"

ኖታ ቤት ማለት የኦርኬስትራው ወረቀት የሚቀመጥበት ምድር ቤት ነው፤ የተቀደደ ገጽ የሚለጠፍበት፣ የጠፋ ገጽ የሚፈለግበት። ከንፈር የማያስፈልግበት ክፍል። ሃምሳ አራት ዓመት የሞላት ሆርን ነፊ አንዴ እዚያ ከወረደች አትወጣም፤ ከንፈር ሁለት ወር ካልሠራ ሥጋ ሆኖ ይቀራል።

"እሺ" አለች።

ቁጣ መምጣት ያለበት እዚህ ላይ ነበር። አልመጣም። እሺ ለሁለተኛ ሰው እንደ ማስነጠስ ነው፤ ሳያስበው ያመልጠዋል። ትሪዋን ይዛ ሄዳ የጠረጴዛው ዳር ላይ፣ ከጨው ዕቃው አጠገብ ተቀመጠች።

ማደሪያዋ ስምንት አልጋ ያለው የሴት ተማሪዎች ክፍል ነበር። ሌሎቹ ሴት መምህራን ቤተሰባቸውን ይዘው ስለመጡ ሌላ ቦታ ተሰጣቸው፤ እሷ ለብቻዋ ስምንት አልጋ ደረሳት። አንዱ አንሶላ ለብሷል፤ ሰባቱ ፍራሻቸው ራቁቱን ነው። ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ጎኗ ትተኛለች፤ ግራ ጆሮዋ ወደ ላይ ይሆናል።

ተማሪዋ በማግስቱ ጠዋት መጣች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ስለምትወጣ ልጆቹ ችኩሏ ብለዋታል። ገና ሳጥኗን ሳትከፍት አፏን ከፈተች።

"ቲቸር፣ አንድ ነገር ልናገር? እንዳይከፋዎት ግን።"

"ተናገሪ።"

"ለመዝጊያው ስሜ ሁለተኛ ሆርን ላይ ተለጥፎ አየሁት። እኔ ሁለተኛ ልሆን አይደለም የመጣሁት።"

"እኔም ሁለተኛ ልሆን አልነበረም የመጣሁት" አለች ሁለተኛዋ። "ተቀመጪ።"

ልጅቷ ወደ ግራው ወንበር ሄደች።

"እሱን ተይው። እዚህ፣ በቀኜ።"

"የሚመጣ ሰው አለ እንዴ?"

"የለም።"

ችኩሏ አየቻት፤ ወንበሩን አየችው፤ ከዚያ በቀኝ ተቀመጠች። ሆርኗን አነሳች፤ ትከሻዋን እስከ ጆሮዋ ሰቀለች፤ አፏን ከፈተችና "ኽህህ!" ብላ አየር ጎተተች። መስኮቱ የተነቃነቀ መሰለ። ወዲያው ከኮሪደሩ ማዶ ያለው በር ተከፈተ። ቱባ የሚባለውን ትልቁን የነሐስ መሣሪያ የሚነፋው ባልደረባዋ፣ ቱቦው የሚሉት፣ ጭንቅላቱን አስገባ።

"ማን ሰመጠ? ዋናተኛ ልጥራ?"

"ሂድ ከዚህ!" አለችው ሁለተኛዋ።

"አይ፣ ነፍስ ለማዳን ብዬ ነው" ብሎ በሩን ዘጋ። ችኩሏ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

ድምፅዋ ግን ድምፅ ነበር። ይህን ሁለተኛዋ በሦስተኛው ኖታ ላይ አወቀችው። ይህች ልጅ ብትገራ የትም ትደርሳለች። እናም መግራቱን ጀመረች፤ የምታውቀው ሥራ እሱ ነው።

"ከታች ሳቢው፣ ከሆድሽ። ትከሻሽ አይነሳ። አፍንጫሽ ሥር ሻማ ቢበራ እሳቱ መወዛወዝ የለበትም። የሁለተኛ ትንፋሽ አይሰማም።"

"ለምንድን ነው የማይሰማው?"

"የሚሰማው የአንደኛው ነዋ። ያለ ኮንዳክተር ሲነፋ ሰው ሁሉ የሚገባው በአንደኛው ትንፋሽ ነው። ሁለት ትንፋሽ ከተሰማ በየትኛው ይገባል?"

"እሺ፣ አንደኛዋ እርስዎ ነዎት አይደል? የርስዎ ግን አይሰማም።"

ሁለተኛዋ ኖታውን ገለጠች። "ይሰማል። አንቺ እየጮህሽ ነው ያልሰማሽው።"

ከሰዓት በኋላ በየቀኑ ሲመለሱ የግራው ወንበር የለም። ጽዳት የምትሠራው ሴትዮ ወስዳዋለች። ሁለተኛዋ ትፈልግና መልሳ ታመጣዋለች። በአራተኛው ቀን ተገጣጠሙ፤ ሴትዮዋ ወንበሩን በአንድ በኩል፣ ሁለተኛዋ በሌላ በኩል ይዘው ቆሙ።

"ልጄ፣ እናንተ ሁለት ናችሁ፣ ወንበሩ ሦስት ነው። ለማን ነው ይሄ?"

"ለማንም።"

"ለማንም ከሆነማ መመገቢያ አዳራሹ ወንበር ጎድሎበታል።"

"ይሄ እግሩ የተሰበረ ነው፣ ሰው ይጥላል።"

"ታዲያ ለማንም ነው ብለሽ ማንንም ልትጥዪ ነው?" ብላ ሴትዮዋ ሳቀች፤ ግን ለቀቀችው። በማግስቱ ደግማ ወሰደችው።

ልምምዱ ያማረ ነበር፤ እውነቱን መናገር ይገባል። ስምንቱ ነሐሶች በግማሽ ክብ ይቀመጣሉ። ሆርኖቹ የግማሽ ክቡ ግራ ጫፍ ላይ ናቸው፤ ሁለተኛዋ ከሁሉም ጫፍ፣ በግራዋ ባዶ ወለል፣ በቀኟ ችኩሏ። ጸጥ ይላል። ከዚያ ሁለተኛዋ ትገባለች፤ ያ የመክፈቻው ረጅም ዜማ ብቻውን ይወጣል፤ ሌሎቹ ከሥር አንድ በአንድ ይቀላቀላሉ። በመጀመሪያው ቀን ስትጨርስ ቱቦው መሣሪያውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣

"አንቺ ሴትዮ፣ ይህን ድምፅ የት ቀብረሽው ነው የኖርሽው?" አለ። "ምድር የበላው ነገር ይወጣል ማለት ነው።"

ሁለተኛዋ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ለሁለት ሳምንት የሳቀችው ያን ጊዜና ከእህቷ ጋር ስታወራ ብቻ ነው።

ታላቅ እህቷ ሌላ ከተማ ልብስ ትሰፋለች። ስልክ ስታወራ መርፌ በጥርሷ ስለምትይዝ ንግግሯ ሁልጊዜ የተቆጣ ይመስላል፤ ብዙውን ጊዜም ተቆጥታ ነው።

"አንደኛ ሆንሽ አሉ?"

"ገና ነው። እሑድ ይለይለታል።"

"ምን ገና አለው? አንቺ ልጅ፣ ትንሽ ሆነን የዳቦው ጥግ ሲደርስሽ እንኳ ለሌላ ትሰጪ ነበር።"

"ጥጉን ስለማልወድ ነው።"

"ውሸታም! ዓይንሽ እየተከተለው ነበር የምትሰጪው።" የመቀስ ድምፅ ተሰማ። "ሃያ ስምንት ዓመት እኮ ገበር ሆነሽ ነው የኖርሽው። ኮት ያለ ገበር ይቆማል? አይቆምም። ግን ገበሩ ያምራል ብሎ ኮት የገዛ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።"

"እሺ እትዬ።"

"እሺ አትበይኝ! ብቻሽን ነሽ እንዴ?"

"ሰው ሞልቷል እዚህ።"

"እሱን አልጠየቅኩሽም" አለች እህቷ። ከዚያ ደንበኛ መጣ ብላ ዘጋች።

እሑድ ጠዋት የመጨረሻው ልምምድ ላይ ችኩሏ አሁንም "ኽህህ" አለች። ያን ያህል አይደለም፣ ቀንሷል፤ ግን አለች። ሁለተኛዋ እንደ ሁልጊዜው አምራ ገባች፣ አምራ ጨረሰች፤ ሲያበቃ ግን ልጅቷን ጥግ ወስዳ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ተቆጣቻት።

"ሁለት ሳምንት አንድ ነገር ነው ያልኩሽ። አንድ!"

"ቲቸር፣ እኔኮ ሲጨንቀኝ…"

"ሰው ሲጨንቀው ነው ሥራው የሚታየው። ዛሬ ከሰዓት ትንፋሽሽን ከሰማሁ አስተምሬሻለሁ ብዬ ለማንም አልናገርም።"

ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ምሳ አልበላችም። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብታ፣ የሽንት ቤት ወረቀት ቁራጭ ከቧንቧው ላይ አንጠልጥላ፣ ወረቀቱ ሳይወዛወዝ አየር መሳብ ስትለማመድ ዋለች።

አሥር ሰዓት ላይ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሞላ። ወላጆች፣ የሰፈሩ ሰዎች፣ ሥራ አስኪያጁ ከፊት ረድፍ እግሩን አጣምሮ። ስምንቱ ገብተው ተቀመጡ። ጭብጨባው ቆመ። ሳል ቆመ። ሁለተኛዋ ሆርኗን አነሳች፤ ማውዝፒሱን፣ የሆርኑን መንፊያ፣ ከንፈሯ ላይ አሳረፈች፤ ጠበቀች።

ሰባቱም እሷን ጠበቁ።

ጸጥ አለ። ሁለተኛዋ ከንፈሯ ዝግጁ ነው፣ ጣቶቿ ዝግጁ ናቸው፣ ሆዷ ዝግጁ ነው። የቀረው ክሩ ብቻ ነው። ከግራ ይመዘዛል፣ እሷም ትገባለች። ሃያ ስምንት ዓመት እንዲህ ነው። ግራ ጆሮዋን አቀናች። ክሩ የለም። ጠበቀች። ለምን ዘገየ? ብላ አሰበች፤ እውነት ነው፣ እንዲህ ብላ አሰበች። አዳራሹ ይበርደዋል፣ ከንፈሩን እያሞቀ ይሆናል። ከዓይኗ ጥግ በግራዋ የመድረኩ ባዶ ወለል ታያት፤ የተላጠ ቀለም፣ አንድ የምስማር ራስ።

ያን ጊዜ ገባት። ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባት። የሚመጣ ትንፋሽ የለም። ትንፋሹ የሷ ነው። ሰባት ሰው እየጠበቀ ያለው እሷን ነው። ያ ሁሉ ያማረ ልምምድስ? እሱም ገባት። እየገባች የነበረችው በራሷ አልነበረም፤ በዚያች ልጅ "ኽህህ" ነበር፤ ከግራ ይሁን ከቀኝ ሳይለይ ጆሮዋ የሰው ትንፋሽ እየፈለገ ሲያገኝ እየገባ ነበር። ዛሬ ልጅቷን ዝም አሰኝታታለች። በገዛ እጇ። ዋናው ትምህርት ይህ ነው ብላ።

ቢያንስ አሁን ተንፍሺ፣ አለች ለራሷ። ደረቷ አልታዘዝ አለ። ቱቦው ከማዶ ቅንድቡን አነሳ። ከአዳራሹ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። ኖታ ቤቱ ታያት፤ ሙጫው፣ መቀሱ፣ ምቹው ወንበር።

ከቀኝ በኩል "ኽህህ!" አለ።

ገደል ጫፍ ላይ ሰው እንዳየ ሰው ነበር ልጅቷ የጮኸችው፤ ጩኸቱ ግን አየር ብቻ ነበር። ሁለተኛዋም ገባች፤ ሳትዘገይ፣ ሳትቀድም፣ ሃያ ስምንት ዓመት እንደገባችው። ዜማው ወጣ። ምሰሶ የሚያህል ሆኖ ወጣ፤ ከፍታው ላይ አልተንቀጠቀጠም፣ ሲወርድ አልተሰበረም። ሌሎቹ ከሥር ገቡ። ሲያልቅ ሰው ከወንበሩ ተነሳ።

ከመድረኩ ጀርባ ባለው ጠባብ መተላለፊያ ተጫዋቾቹ ከመሣሪያቸው ቱቦ ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ ጨርቅ ላይ እያፈሰሱ ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ። ችኩሏ ግድግዳ ተደግፋ ታለቅሳለች።

"ቲቸር፣ ይቅርታ። ስለ እግዜር ይቅርታ። ድምፅ አወጣሁ። ዝም ብዬ ነበርኮ፣ ወረቀቷ እንኳ አትወዛወዝም ነበር፣ ከዚያ… እንጃ፣ አመለጠኝ።"

ሁለተኛዋ ትከሻዋን ያዘቻት። ይህች ልጅ አድናት ይቅርታ ትጠይቃለች! እሷም በመጀመሪያዎቹ ዓመቶቿ፣ አንደኛው ሲሳሳት ሸፍናለት፣ ቆይታ ይቅርታ የጠየቀችበት ቀን ትዝ አላት። ማን አስተማራት? እንዲህ እንድትሆን ማን አስተማራት? አሁን ደግሞ በተራዋ ለዚህች ልጅ ልታስተላልፈው ነበር፤ እንደ ጥበብ፣ እንደ ውርስ።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለች። "ባትተነፍሺ ኖሮ እስካሁን እዚያ ቁጭ ብዬ ነበር።"

ልጅቷ እንባዋን ጠርጋ ትክ ብላ አየቻት። ገና አልገባትም።

ሥራ አስኪያጁ ሰው እየገፋ መጣ። ፊቱ እንደ በዓል ቀን ነው።

"ያቺ ዝምታ!" አለ። "ከመግባትሽ በፊት የያዝሻት ዝምታ! ፀጉሬ ነው የቆመው። እሱ እንኳ፣ ነፍሱን ይማርና፣ እንዲህ ደፍሮ ይዟት አያውቅም። አንደኛ ማለት ይሄ ነው! ወንበሩ ያንቺ ነው።"

"ዝምታ አልያዝኩም" አለች ሁለተኛዋ። "መግባት አቅቶኝ ነው። ያስገባችኝ እሷ ናት።"

"ማን?"

"ሁለተኛዋ።" ልጅቷን በእጇ አሳየች። "በሷ ትንፋሽ ነው የገባሁት።"

ሰውየው ሳቀ። "ይሄ ትሕትናሽ ነው እኮ የሚገለኝ።"

"ትሕትና አይደለም!" ውሃ የሚያፈስሱት ሁሉ ዞሩ። ሃያ ስምንት ዓመት የዘገየ ቁጣ ሲመጣ እንዲህ ነው፤ በሩን ሳያንኳኳ ነው የሚገባው። "ትሕትና አይደለም፣ ሥራ ነው። ይህች ልጅ ባትኖር ዛሬ አንድ ኖታ አይወጣም ነበር። ስሟን ይጻፉት። እኔ ስናገር እንኳ የማይሰማ ከሆነ መቼ ሊሰማ ነው?"

"ይጻፋል፣ ይጻፋል" አለ ሥራ አስኪያጁ፤ እጇን ጨበጠ፤ ልጅቷንም ጉንጯን መታ መታ አደረገና ወደ ወላጆቹ ሄደ። እስክሪብቶ አላወጣም። ሰው ሁለተኛውን የማይሰማው ዝቅ ብሎ ስለሚናገር ነው ይባላል። ውሸት ነው። ጮኸው ቢነግሩትም አይሰማም፤ ጆሮው የተሠራው ለአንደኛው ነው። አንደኛው ራሱ ስለ ሁለተኛው ሲናገር እንኳ የሚሰማው የአንደኛውን ውበት ነው።

ቱቦው ውሃውን አፍስሶ ጨርሶ አጠገቧ ቆመ።

"እኔ አይቼሻለሁ" አለ ቀስ ብሎ። "እሱን ስትጠብቂ።"

"አዎ።"

"በኦርኬስትራ ውስጥ ቱባ አንድ ብቻ ነው። የሚተነፍስልኝ ሰው ኖሮኝ አያውቅም። ይለመዳል።"

"ስንት ዓመት ይፈጃል?"

"እኔ ሃያ ሁለተኛዬ ነው" አለ፤ "ሲለመድ እነግርሻለሁ።"

ሰኞ ጠዋት አውቶቡሱ ግቢው ውስጥ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። ችኩሏ በማለዳ፣ ከእናቷ ጋር ሄዳለች፤ ከመሄዷ በፊት ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጥታ፣ ማታ ተኝታ ስታስበው እንደገባት ተናግራ፣ ምንም ሳትጨምር አቅፋት ወረደች። ሁለተኛዋ ሳጥኗን ልትወስድ ጂኦግራፊ ክፍል ገባች። ሦስቱም ወንበሮች አሉ። ጥቂት ቆመች። ከዚያ ሄዳ በግራው ላይ ተቀመጠች። ወንበሩ ወደ አንድ ጎን ዘመም አለ፤ እግሯን አስፍታ አመጣጠነችው። ከዚህ ሲታይ ክፍሉ ሌላ ነው። የካርታው ነጭ ቦታ ፊት ለፊት ነው። በግራ በኩል ግድግዳ አለ፤ ከግድግዳ በስተቀር ምንም የለም።

ጽዳት የምትሠራው ሴትዮ ባልዲዋን ይዛ ገባች።

"እሰይ! የወንበሩ ባለቤት መጣ" አለች። "ሁለት ሳምንት ያጨቃጨቅሽኝ ላንቺው ኖሯል?"

"የኔ አልነበረም።"

"አሁንስ?"

"አሁን ነው መሰለኝ።"

"እንግዲያ እነዚህን ልውሰዳቸው፤ ካርታውን ሊሰቅሉ ይመጣሉ።"

"ውሰጃቸው።"

ሴትዮዋ በያንዳንዱ ብብቷ አንድ አንድ ወንበር ሸጉጣ ወጣች። በቀኝ በኩል ያለው ወለል ባዶ ሆነ። ሁለተኛዋ ሆርኗን ከሳጥኑ አውጥታ አነሳች። ከውጭ የአውቶቡሱ ክላክስ ጮኸ፤ ቱቦው "ቃናው ወርዷል፣ አስተካክለው!" ብሎ ሹፌሩን ሲያበሽቀው ተሰማ። ማውዝፒሱን ከንፈሯ ላይ አሳረፈች። ጆሮዋ በልማዱ ወደ ግራ ዞረ፤ ግድግዳውን አገኘ።

በአፍንጫዋ፣ ጮክ አድርጋ፣ አየር ሳበች። ክር አልነበረም። እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ነበር፤ አስቀያሚ። ግን ተሰማ።

"ልጄ፣ ጉንፋን ያዘሽ እንዴ?" አለች ሴትዮዋ ከኮሪደሩ።

"የለም" አለች፤ ደግማ ሳበች።